የቢጫ ወባን ስውር ዱካ ከደም ያነበቡት ማክስ ታይለር

አንድ በሽታ በአንድ አካባቢ ምን ያህል እንደተሰራጨ ለማወቅ የጤና ተቋማትን የሕሙማን መዝገብ መቁጠር የተለመደ አሠራር ነው። ይሁንና በቫይረስ ከተያዙት አብዛኞቹ ቀላል ትኩሳት ተሰምቷቸው ስለሚድኑ፣ ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሞቱትም ስለማይመዘገቡ፣ መዝገቡ ከእውነታው ያነሰ ቁጥር ማሳየቱ አይቀርም። ቢጫ ወባን በተመለከተ ይህን ክፍተት ለመሙላት መንገድ የከፈቱት ትውልደ ደቡብ አፍሪካዊው ማክስ ታይለር ናቸው።

ታይለር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1899 በፕሪቶሪያ ተወለዱ። አባታቸው ሰር አርኖልድ ታይለር ከስዊዘርላንድ የመጡ ስመ ጥር የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ልጅየው የሰው ሕክምናን መርጠው በኬፕታውንና በለንደን ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠሩ።

በወቅቱ የቢጫ ወባ መንስኤ ባክቴሪያ ነው የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። መንስኤው ቫይረስ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1927 በምዕራብ አፍሪካ በተካሄደ ምርምር ቢረጋገጥም፣ ጥናቱ የሚከናወነው ከህንድ በሚመጡ ጦጣዎች ነበር። ጦጣ ደግሞ ውድ ነው፤ የሺዎችን ደም ለመመርመር የሚበቃ ጦጣ ማቅረብ የሚታሰብ አልነበረም። ሥራው ለሕይወትም አስጊ ነበር። አድሪያን ስቶክስና ሂዴዮ ኖጉቺን የመሳሰሉ ታላላቅ ተመራማሪዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ታይለርም እ.ኤ.አ. በ1929 በቤተ ሙከራ ውስጥ ተይዘው ተርፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930 ታይለር ቫይረሱ በተራ ነጭ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲወጋ እንስሳውን እንደሚገድል ይፋ አደረጉ። ግኝቱን መጀመሪያ የተጠራጠሩት ጥቂት አልነበሩም። በዚያው ዓመት ወደ ሮክፌለር ፋውንዴሽን ተዛውረው በኒውዮርክ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከግኝቱ የተወለደው ምርመራ ቀላል ነበር። ከአንድ ሰው ደም የተለየ ሴረም ከቫይረሱ ጋር ለአይጦች ይሰጣል። አይጦቹ ከሞቱ ሰውየው በቢጫ ወባ ተይዞ አያውቅም፤ ከተረፉ ግን በደሙ ውስጥ ቫይረሱን የሚያከሽፉ ፀረ እንግዳ አካላት አሉ ማለት ነው። እነዚህ አካላት ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆዩ ሰውየው ሕመሙን ቢረሳ እንኳ ደሙ አይረሳም። ዕድሜም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ በሕፃናት ደም ከተገኙ ቫይረሱ በቅርብ ዓመታት በአካባቢው አልፏል፤ በአዋቂዎች ላይ ብቻ ከታዩ ወረርሽኙ የቆየ ነው።

የፋውንዴሽኑ ባልደረባ ዊልበር ሶየርና ረዳቶቻቸው ዘዴውን ለሰፊ ጥናት አመቻችተው ከበርካታ የአፍሪካ አገሮች የደም ናሙና አሰባሰቡ። ውጤቱ የአስተዳዳሪዎችን ካርታ የሚያፋልስ ሆነ። ቢጫ ወባ የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በሽታ ነው ሲባል ቢቆይም፣ አንድም ሕመምተኛ ሪፖርት ባልተደረገባቸው የሱዳንና የኡጋንዳ አካባቢዎች ሳይቀር ፀረ እንግዳ አካላት የያዙ ሰዎች ተገኙ። በዚህ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1936 በኡጋንዳ ኢንቴቤ የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ከአራት ዓመት በኋላ በሱዳን ኑባ ተራሮች ወረርሽኝ ተቀስቅሶ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሲታመሙ ከ1 ሺህ 500 በላይ ሞቱ።

ታይለርና ሂዩ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ይፋ ያደረጉት 17ዲ የተባለው ክትባት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ታይለርም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ1951 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ብቻቸውን ተቀብለዋል። የሚገርመው፣ ክትባቱ የራሳቸውን ምርመራ አወሳሰበው፤ የተከተበ ሰው ደምም እንደታመመ ሰው ደም አይጦችን ያድናልና ጥናት አድራጊዎች ማን እንደተከተበ አስቀድመው ማጣራት ግድ ሆነባቸው።

ክትባቱ ጥቁር ነጥብም አለው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች ከተሰጠው ክትባት የተወሰነው የሰው ሴረም ተጨምሮበት ስለነበር የጉበት በሽታ አስከተለ። በሆስፒታል የታዩት 50 ሺህ ያህል ነበሩ። ከ40 ዓመታት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ደም ለፀረ እንግዳ አካላት ሲመረመር ግን የተያዙት 330 ሺህ ገደማ እንደነበሩ ተገመተ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና አካባቢው፣ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከከፉት አንዱ የሆነ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተከስቷል። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የደም ናሙና እየሰበሰቡ ስርጭቱን አጥንተዋል። ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ 100 ሺህ ያህሉ እንደታመሙ፣ 30 ሺህ ያህሉም እንደሞቱ ይገመታል። ደም የሚመሰክረው ለተረፉት ብቻ በመሆኑ የሟቾች ቁጥር በሌላ መንገድ የሚሰላ ነው።

ታይለር እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1972 በኒው ሄቨን ከተማ በ73 ዓመታቸው አርፈዋል።