ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውና የሞግዚትነት ፈተና

የሰው ጠባይ በምን ይለወጣል? በትእዛዝ ነው ወይስ በምክር? በፍርሃት ነው ወይስ በገዛ ፈቃድ? ይህ ጥያቄ ዛሬ የሥነ ልቡናና የአንጎል ጥናት ሊቃውንትን ያነጋግራል። በአገራችን ግን ከመቶ ዓመት በፊት የመንግሥት ጥያቄ ሆኖ ተነሥቶ ነበር። ሸክሙ የወደቀውም በኢሉባቦሩ ገዥ በራስ ተሰማ ናደው ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ የእርሳቸውን ሕይወት ባጭሩ ተርከን፥ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ትምህርት እንዳለው ለመመርመር አስበናል።

ተሰማ የደጃዝማች ናደው ልጅ ናቸው። የአፄ ምኒልክ ጦር ምዕራቡን አገር ከያዘ በኋላ ኢሉባቦርን እንዲገዙ ተሾሙና መቀመጫቸውን ጎሬ ላይ አደረጉ። ዛሬ ከመቱ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሚያገኛት ይህች የደጋ ከተማ፥ ቡናው ከየጫካው የሚሰበሰብባት፥ ወደ ቡሬና ወደ ባሮ ቆላ የሚወርደው መንገድም የሚነሣባት ነበረች። አገዛዙ እንደ ጊዜው አገዛዝ ነበር። ወታደሩ በገባር ላይ ተተክሎ ይኖር ነበርና የአገሩ ገበሬ ከባድ ቀንበር ተሸክሟል። የገዥውን ታሪክ ስንጽፍ ይህን መዝለል አይገባንም።

በ1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸው ከጎሬ ደጋ ወርዶ በባሮና በሶባት ሸለቆ ወደ ነጭ ዓባይ ተጓዘ። አብረውት ፈረንሳውያንና አርታሞኖቭ የሚባል የሩሲያ መኰንን ነበሩ። ሰኔ ላይ ከሠራዊቱ የተለየ ጭፍራ ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ ደርሶ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። ነገር ግን የቆላው ንዳድ ሰዉን ስለ ጎዳው መመለስ ግድ ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የፈረንሳዩ መኰንን ማርሻን በሌላ በኩል ፋሾዳ ገባ። የደጋ ወታደር ወደማያውቀው ረግረግ የወረደው አዛዡ ስላዘዘው ነው። ተሰማ ያደጉበትና የኖሩበት የአመራር ልማድም ይኸው ነበር፤ አለቃ ያዝዛል፥ ጭፍራ ይፈጽማል።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. ግን ሌላ ዓይነት ሥራ መጣ። አፄ ምኒልክ በሕመም ደክመው ስለ ነበር የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ብለው ሲያስታውቁ፥ ተሰማን ሞግዚቱ አደረጓቸው። ኢያሱ በጥር 1887 ዓ.ም. ስለ ተወለደ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ወራት ከሮማነወርቅ መንገሻ ጋር ተጋባ። ባለትዳርና የዙፋን ወራሽ ሆነ እንጂ ዕድሜው ገና የልጅ ዕድሜ ነበር። ተሰማ ራስ ቢትወደድ ተብለው እንደራሴ ሆኑ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ ሲገለሉ የእንደራሴው ሥልጣን ጸና።

እዚህ ላይ የዛሬው ዕውቀት የሚጨምርልን ነገር አለ። ነገን የሚያስበው፥ ስሜትንም የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍል ዝግ ብሎ የሚበስል ነው፤ እድገቱም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይቀጥላል። ደስታንና ሽልማትን የሚሻው ክፍል ግን በጉርምስና አስቀድሞ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ጎረምሶች የመኪና መንዳት ጨዋታ ሲጫወቱ፥ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው በሆኑ ጊዜ ብቻቸውን ከሚጫወቱት ይልቅ ለአደጋ ራሳቸውን አጋለጡ። ጎልማሶቹ ግን ጓደኛ ኖረም አልኖረም ብዙ አልተለወጡም። እንግዲህ ባለሟልና አጫዋች የከበበው የአሥራ አራት ዓመት አልጋ ወራሽ ምን ያህል ፈተና እንደ ነበረበት ለማሰብ አያዳግትም።

ኮቺንግ የሚባለው የዘመኑ የምክር ሙያም ከዚህ ይነሣል። ጥሩ መካሪ አያዝዝም፤ ይጠይቃል። ሰውየው ግቡን ራሱ እንዲመርጥ፥ በትንሽ በትንሹ ከፍሎ እንዲጀምር፥ በየትኛው ሰዓትና ስፍራ እንደሚፈጽመው አስቀድሞ እንዲወስን ይረዳዋል። በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ የተደጋገመ ሥራ ውሎ አድሮ ያለ ብዙ ሐሳብ የሚከናወን ልማድ ይሆናል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት ሊቃውንት እንዳስተማሩት፥ ሰው የራሱ ምርጫ ያደረገው ነገር በፍርሃት ወይም በጉርሻ ከተጫነበት ይልቅ ይዘልቃል።

ራስ ቢትወደድ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ሞግዚትነቱ የቆየው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ኢያሱ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በተሰማ ቦታም ሌላ ሞግዚት አልተተካም። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ከዋና ከተማው ርቆ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ ዘውድም ሳይጭን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን የተቸኰለ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ኢያሱን ያወረዱት መኳንንት የራሳቸው ጥቅም ነበራቸው፤ የአውሮፓው ጦርነትና የኃያላኑ ቆንስሎች ግፊትም ነበረበት። ከእስላሙና ከቆላው ሕዝብ ጋር መወዳጀቱን ዛሬ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ፖለቲካ ብልኅነት ይቈጥሩታል። የሞተን ሰው አንጎል መርምሮ በሽታ ማውጣትም አይቻልም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የአንድ አገር ዕድል በአንድ ልጅ ጠባይ ላይ፥ የልጁም ጠባይ በአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ላይ ሲንጠለጠል፥ ሽማግሌው ያለፈ ቀን ሁሉም ይናጋል።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህ የቤተ መንግሥት ወግ ብቻ አይደለም። ከመቱ፥ ከበደሌ፥ ከጎሬ ወይም ከሌላ አውራጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ ከአባትና ከእናት ዐይን፥ ከመምህር ቁጣም የምንርቀው ገና በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ማለዳ የሚቀሰቅሰን፥ ከመጥፎ ባልንጀራ የሚከለክለን የለም። እስከዚያ ድረስ ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ ከነበረ፥ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ወንድሞችና እኅቶች መውደቃቸው አያስደንቅም። ስለዚህ ከፍ ያለ ክፍል የደረስነው ለአዲስ ገቢዎቹ አዛዥ ሳይሆን ጠያቂ መካሪ እንሁን፤ ማኅበራችንም ይህን ሥራ በየዓመቱ መጀመሪያ በደንብ ያደራጀው። የሞግዚት ሥራው የሚመዘነው እርሱ በሌለበት ቀን ነውና።