ሰር ሮናልድ ፊሸርና የውርስ ሒሳብ

በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ሜንዴል አተር ስንማር ረጅምና አጭር ብቻ እናገኛለን። ነገር ግን በክፍላችን ያሉትን ልጆች ብንመለከት የሰው ቁመት እንዲህ በሁለት አይከፈልም፤ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ሳይቋረጥ የተያያዘ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሊቃውንት የሜንዴልን ሕግ ለሰው አይሠራም ብለው ተከራክረው ነበር። ክርክሩን የፈታው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ፊሸር በ1890 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ተወለደ። በ14 ዓመቱ እናቱ ሞተችበት፤ የአባቱም ንግድ ከሰረ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ በመብራት እንዳያነብ ተከልክሎ፥ ማታ ማታ መምህሩ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በቃል ብቻ ሒሳብ ያስተምረው ነበር። ስለዚህም ሌላው በብዙ መስመር የሚያሰላውን እርሱ በአእምሮው እንደ ሥዕል እያየ ይደርስበት ጀመር። ካደገም በኋላ መልሱን ጽፎ መንገዱን ስለሚተወው አንባቢዎቹ ይቸገሩ ነበር። እኛ በፈተና ላይ እንዲህ ብናደርግ ማርክ አናገኝም።

በ1909 ዓ.ም. ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ካምብሪጅ ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዓይኑ ከወታደርነት ስላገደው የትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ታላቁን ጽሑፉን ያዘጋጀው በዚሁ ጊዜ ነው። ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር ቢያቀርበው መርማሪዎቹ በደስታ አልተቀበሉትም፤ እርሱም መልሶ ወሰደውና በ1918 ዓ.ም. ኤዲንበርግ አሳተመው። የጽሑፉም ፍሬ ነገር ቁመትን የመሰለ ጠባይ፥ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ የብዙ ጂኖች ድምር ነው የሚል ነው። የወላጅና የልጅ፥ የወንድምና የእኅት መመሳሰልም ከሜንዴል ሕግ ተሰልቶ እንደሚወጣ አሳየ።

በ1919 ዓ.ም. ወደ ሮታምስትድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሄደ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የ150 አበቦችን አራት አራት ልክ በአንድነት አጣምሮ ዘራቸውን የሚለይበትን ስሌት አወጣ። ዛሬ ሊቃውንት የደም ግፊትን፥ ስኳርንና የደም ስብን አንድ ላይ መርምረው የጋራ ጂናቸውን ሲፈልጉ፥ ብልሃታቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አብረው የሚሄዱ ነገሮች ተለያይተው ሲታዩ የሚሰወረው፥ ተጣምረው ሲታዩ ይገለጣልና።

ፊሸር ግን ጥፋትም ነበረበት። የሰውን ዘር መርጦ ማራባት ይገባል የሚሉትን ደግፏል፤ ይህን ልንሸፍንለት አንወድም።

ሁለተኛው ስሕተቱ ከራሱ ሙያ የመጣ ነው። በ1950 ዓ.ም. ዶልና ሂል የተባሉ ሊቃውንት ሲጃራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያመለክት ጥናት አወጡ። ፒፓ አጫሹ ፊሸር፥ ምናልባት አንድ ጂን ማጨስንም ካንሰርንም ያመጣ ይሆናል ብሎ ተቃወመ። ለዚህም መንትዮችን ማስረጃ አድርጎ አቀረበ፤ አንድ ዓይነት የሆኑት መንትዮች በማጨስ ልማዳቸው ከሌሎቹ ይልቅ ይመሳሰሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የትምባሆ አምራቾች አማካሪም ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ መልሱን ግን ከማስረጃው አስቀድሞ የያዘ ይመስለናል።

በ1962 ዓ.ም. አውስትራልያ ውስጥ፥ በአደሌድ ከተማ ሞተ። በ2008 ዓ.ም. ሦስት የተመራማሪ ቡድኖች በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ከማጨስም ከሳንባ ካንሰርም ጋር የተያያዘ የጂን ልዩነት አገኙ። ከወላጅ የተወረሰ አንድ ቅጂው የካንሰሩን አደጋ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሲጃራ ግን አደጋውን 15 እጥፍና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል።