ቅዱስ ያሬድና አዲሱ ዜማ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በፉሪ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል የመጡ ሰዎች በጉርብትና ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ ሰፈር የመዘምራን ማኅበር ሲቋቋም አንዱ ወገን አዲስ መዝሙር መድረስን በአባቶች ላይ እንደ ድፍረት ይቈጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ የአባቶችን ዜማ አርጅቷል ብሎ ሊተወው ይሻል። ስለዚህ የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ለምእመናንና ለካቴኪስቶች በአጭሩ ማቅረብን መረጥን።

ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደ ተወለደ ይነገራል። ወላጅ አባቱ ሲሞት እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርት አልገባው ብሎ ስለ ተገረፈ ሸሽቶ ወጣ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ግን አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ግንዱን ሲወጣ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ካቴኪስቶቻችን ለልጆች ዘወትር ስለሚተርኩት አናስረዝመውም።

ለጥያቄያችን የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስንክሳሩ እንደሚያወሳው ከእርሱ በፊት በከፍተኛ ድምፅ የሚዜም ማሕሌት አልነበረም። ከገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወስደውት የካህናተ ሰማይን ዝማሬ ሰማ፤ ሲመለስም በአክሱም ጽዮን ቆሞ ዘመረ። ንጉሡና ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሲያደምጡት ዋሉ። እንግዲህ ዛሬ ጥንታዊ የምንለው ዜማ ያን ቀን ለሁሉም አዲስ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ ስልቶች፣ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተዘጋጀው ድጓም የእርሱ ድርሰት ሆነው ይታወቃሉ።

በአንድ ወቅት በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኰዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ቢፈስም ዝማሬው እስኪፈጸም ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲለምን ቢነግረው ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ ለመመነን ብቻ ተሰናበተ። ዝናው በገነነበት ሰዓት ከቤተ መንግሥት መውጣቱ ከትሉ ታሪክ ይልቅ እኛን ያስደንቀናል። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ዘመኑን በዚያ ፈጸመ።

ዜማው ግን ከእርሱ ጋር አላበቃም። ሊቃውንት በየዘመኑ ለድጓው ጨመሩለት። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሥርዐት አስያዙት። የእኛም ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ሥርዐት ስትቀድስ ከዚህ ቅርስ ትካፈላለች። በ1963 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ በተልእኮ አገሮች ያሉ ሕዝቦች የራሳቸው የዜማ ባህል ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አዝዟል። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በኮንጎ በአገሬው ዜማ የተደረሰው ሚሳ ሉባ ተሰምቶ ነበር።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና ኖራለች። በድጓ ቤት ወግ ተማሪው በቃል የተማረውን ድጓ ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፈዋል።