ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነፃነት ወሰን

ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ነፃነት ገደብ ሲነገር አሳባችን ወደ ውጭ አገር ይሮጣል። ይኸው ጥያቄ ግን ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በእኛው አምባሰልና ሐይቅ ሰውን ያሳስር ነበር። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 ከዐፄ ዳዊትና ከእቴጌ እግዚእ ክብራ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ከንጉሥ መወለድ ክብርም እስራትም ነበር። የነጋሢው ዘር የሆኑ ወንዶች ዙፋን እንዳይሻሙ በአምባሰል በግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበርና። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ለንግሥ የሚወጡት አቀበት ያን ጊዜ የወኅኒ መግቢያ ነበር፤ ዙሪያው ገደል ስለሆነ አጥር አላስፈለገውም። ዘርዐ ያዕቆብም በዚያ ታሰሩ። ጥፋታቸው መወለዳቸው ብቻ ነው። አሳሪዎቹም ቢሆኑ ምክንያት አጥተው አይደለም፤ ወንድማማቾች ለዘውድ ሲዋጉ የሚያልቀው ገበሬው ነው። ታዲያ ስለ ብዙዎች ሰላም ያላጠፋን ሰው ዕድሜ ልክ ማሰር ይገባልን?

በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ከተፈራረቁ በኋላ፣ በ1434 ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባው ወርደው ነገሡ። የእስርን ምሬት የቀመሱ ንጉሥ አምባውን ይከፍቱታል ያሰኛል። አልከፈቱትም። ልማዱ በ16ኛው ምዕተ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦር ግሸንን እስኪይዝ ድረስ ቆየ።

በሃይማኖት ነገር ደግሞ ሁለት መንገድ ሄደዋል። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እንደ እሑድ ስላከበሩ ብዙ ዘመን ተገፍተዋል። ዘርዐ ያዕቆብ ገና ሕፃን ሳሉ፣ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ በዚሁ ምክንያት ከ1400 እስከ 1404 በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታስረው ነበር። ንጉሡ ይህን ክርክር በጉባኤ ጨረሱት። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የተለያዩት ታረቁ። ይህ ሊመሰገኑበት የሚገባ ሥራ ነው።

ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለት ለመስቀል፣ ለእመቤታችን ሥዕልና ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተሰደዱ፤ መሪያቸው አባ እስጢፋኖስም በእስር ሞቱ። ቤተ ክርስቲያናችን የጸጋ ስግደትን ታስተምራለች፤ ስለዚህ በትምህርታቸው አንስማማም። ቢሆንም በጅራፍ የተገኘ ስግደት ምን ስግደት ነው? ኢትዮጵያ በ1948 ድምፅ የሰጠችለት የሰብአዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ የኅሊናንና የሃይማኖትን ነፃነት ለሰው ሁሉ ያውጃል፤ ለመብት ገደብ ሲያስፈልግም በሕግ የተደነገገና የሌላውን መብት ወይም የሕዝብን ደኅንነት የሚጠብቅ እንዲሆን ያዛል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም በ27ኛው አንቀጽ ገደቡን የሚያደርገው እምነትን በመግለጥ ላይ ነው። የደብረ ምጥማቁ ጉባኤ ወደዚህ አሳብ የቀረበ ይመስለኛል፤ በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ የወረደው ቅጣት ግን እጅግ ይርቃል።

ቅጣቱ ከቤተ መንግሥትም ገባ። በጣዖት ማምለክ የተከሰሱ የንጉሡ ልጆች ተቀጡ። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጃቸውን ሊያነግሡ ዶልተዋል ተብለው ከደረሰባቸው ድብደባ የተነሣ ሞቱ።

ብዙ መጻሕፍት የደረሱት፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ በ1468 እዚያው ዐረፉ። በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ አባታቸው ካሰሯቸው ሰዎች ብዙዎቹን ፈቱ።