ውሃ አፍልቶ ከፍታ የለካው ሰው

ያደግሁት አጅባር ነው። እኛ ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ መቀቀል ማለት ማገዶ መጨረስ ነው፤ ቆላ ወርዶ ያየ ሰው ግን ንፍሮው ቶሎ እንደሚደርስ ያውቃል። ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ውሃውም ብዙ ሳይግል ይፈላል። ባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ፣ 2600 ሜትር ግድም ላይ ባለችው መካነ ሰላም 91 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ እሳት ብትጨምሩ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ፈቅ አይልም።

ይህችን የእናቶቻችንን ችግር መሣሪያ ያደረጋት አንትዋን ዳባዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ተወለደ፤ አባቱ የፈረንሳይ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ አሥር ዓመት ያህል ለአገራችን ካርታ ሲለካ ኖረ። ዓይኑን ታመመ፣ ግን አልተወውም። የሜርኩሪ ባሮሜትር ረጅም ብርጭቆ ነው፤ በበቅሎ ጀርባ ገደል ለገደል አይዘልቅም። ስለዚህ ውሃ እያፈላ ቴርሞሜትሩን ያነብ ነበር። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሲቀንስ ከፍታው 300 ሜትር ያህል ጨምሯል ማለት ነው።

አውሮፓ ሲመለስ የጠበቀው ክስ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ፣ የዳባዲ የከፋ ጉዞ ፈጠራ ነው ብሎ ተነሣበት፤ የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር አልሰማ ሲለውም የተሸለመውን ሜዳሊያ መለሰ። እውነት ለመናገር ዳባዲም ተሳስቷል፤ የነጭ ዓባይን ምንጭ ጊቤ አካባቢ አድርጎት ነበር። ልኬቶቹን ግን ከ1860 ጀምሮ አንድ በአንድ አሳተመ። የምንጩ ሐሳብ ወደቀ፣ የካርታው ሥራ ቆመ። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ጨመረበት፤ በ1897 አረፈ።

እኔን የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ ስሙን ያተረፈለት ክርክር ሳይሆን ማንም ሊፈትሸው የሚችል ቁጥር ነው።

ያው ሕግ ዛሬም ይሠራል። ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ግፊቱን ከፍ አድርጎ ውሃውን እስከ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ለደጋ ባቄላ መድኃኒቱ እሱ ነው። ስኳር ፋብሪካ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አየሩን መጥጦ ሽሮፑን ሳያሳርር በዝቅተኛ ሙቀት ያፈላዋል።

ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ሞክሩት። ውሃ አፍሉ፣ ንባቡን ከ100 ቀንሱ፣ በ300 አባዙ። ከዚያ ስልካችሁ ከሚያሳየው ከፍታ ጋር አስተያዩት።