አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ገባ። ይህም በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር የተወለደው ወርቅነህ እሸቴ ነበር። ወደ ሕንድ ተወሰደ፤ ባሳደጉት ሁለት መኮንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተማረ፤ በስኮትላንድ ትምህርቱን አስፋፍቶ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ። ኢትዮጵያ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ ልጅ ያገኘችው እንግዲህ ሳታስበው፣ በሰው አገር ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩት ቁስለኞቻችን ግን በቂ ቀዶ ሐኪም አልነበራቸውም። የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ የደረሱት ከውጊያው ወራት በኋላ ነው። ደሙ ለሚፈስ ሰው ወራት ቀርቶ ሰዓታትም ብዙ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። አያታቸው በጠባሳቸው ለይተው አወቋቸው። ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ያክሙ ጀመር። ደጋግመው ከተመላለሱ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ተመለሱ። የአንድ ሰው እጅ ለአገር እንደማይበቃ ያውቁ ነበርና፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ፤ ኋላም ጨርጨርን አስተዳደሩ።

ፋሺስት ኢጣልያ ስትዘምት ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠላት ወሰን የጣሰው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም! ሐኪም ወርቅነህ ገንዘብና ርዳታ አሰባሰቡ፤ የውጭ አገር አምቡላንሶችም መጡ። ሆኖም ገንዘብ በወራት ቢሰበሰብ፣ ቀዶ ሐኪም በወራት አይገኝም። ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉት ልጆቻቸው በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ዘመን ተገደሉ። አባት ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ካረፉ በሁለት ዓመት ገደማ፣ በተወለዱበት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ለአንድ ሕፃን በምርኮ የደረሰው ትምህርት ለብዙዎች በአገራቸው ተዘረጋላቸው።

ጓዶች፣ አደጋ ቀጠሮ አይሰጥም። መርጡለ ማርያም አጠገብ መኪና ቢገለበጥ፣ ቁስለኛውን የሚያድነው ከአዲስ አበባ የሚላክ ሐኪም ሳይሆን አስቀድሞ በቅርቡ የተዘጋጀው ነው፦ ቀዶ ሐኪሙ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ የተቀመጠው ደም፣ ከጀርም የጸዳው መሣሪያ፣ እስከዚያም ደሙን አፍኖ የሚያቆየው መንገደኛ። ሁላችንም ሐኪም አንሆንም፤ ደም መለገስና ደም ማቆምን መማር ግን ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም አይከብድም።