ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ የገበሬው ጥሪት ለምን እንደማያድግ የጠየቁት ነጋድራስ

ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ኤርትራ በሚዋሰኑበት አካባቢ የምትገኘው ሐምዳይት የዓለምን ትኩረት የሳበችው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ የተቀሰቀሰውን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህችና በሌሎች የምሥራቅ ሱዳን መግቢያዎች በኩል ድንበር ተሻገሩ። ወቅቱ አዝመራ የሚሰበሰብበት ስለነበር፣ ከስደተኞቹ መካከል ብዙ ገበሬዎች ሰብላቸውን ማሳ ላይ ትተው ነው የወጡት።

ተበድሮ ያረሰ ገበሬ ሰብሉን ጥሎ ሲሰደድ ዕዳው አብሮት ይሰደዳል። የኢትዮጵያ ገበሬ እየደከመ ለምን ጥሪት መያዝ እንዳቃተው ከመቶ ዓመታት በፊት በአማርኛ የመረመሩ አንድ ምሁር ነበሩ። ሕይወታቸውም ከዚሁ ጠረፍ ጋር የተሳሰረ ነው። እኚህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

አባታቸውን በመተማ ያጡት ልጅ

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አቅራቢያ በማይ ምሻም ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር በመተማ ተዋግተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሲወድቁ፣ የገብረ ሕይወት አባትም በዚያው ጦርነት ሞቱ። መተማ ከሐምዳይት በስተደቡብ፣ በዚሁ የድንበር መስመር ላይ ትገኛለች። ከማዶዋ ያለችው ጋላባት ደግሞ ዛሬ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ሥር ናት።

ዓመታቱ ኢትዮጵያውያን ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሷቸው የረሀብ ዓመታት ነበሩ። የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተደራረቡ። በሬው የሞተበት ገበሬ መሬቱ እያለው ማረስ ተሳነው። ሌላ በሬ የሚገዛበትን ገንዘብ የሚያበድር ተቋምም በአገሪቱ አልነበረም።

ገብረ ሕይወት በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሻግረው፣ በምፅዋ አጠገብ በሞንኩሎ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተማሪ ቤት ገቡ። አንድ ቀን ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው፣ ሌሎቹ ሲመለሱ እርሳቸው ተደብቀው እንደቀሩ ይነገራል። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ ኦስትሪያዊ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም አሳደጋቸው። ከዚያም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ።

ከቤተ መንግሥት ወደ ስደት

ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ታውኮ የሥልጣን ሽኩቻው በበረታበት ጊዜ ግን ወደ ሱዳን ተሰደዱ። አባታቸው ሊዋጉት የዘመቱበት አገር ለልጃቸው መጠጊያ ሆነ።

በ1912 እ.ኤ.አ. በአሥመራ በታተመው "ብርሃን ይሁን" በተሰኘው መድበል ውስጥ "ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ" የሚለው ጽሑፋቸው ወጣ። በጽሑፉ ካቀረቧቸው የማሻሻያ ሐሳቦች መካከል ሁለቱ በቀጥታ ገበሬውን የሚመለከቱ ነበሩ። እነዚህም ግብር በፍትሕ እንዲጣልና በዓይነት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲከፈል፣ እንዲሁም አገሪቱ አንድ ወጥ ገንዘብ እንዲኖራት የሚጠይቁ ናቸው። በዚያን ጊዜ በየገበያው የማርያ ቴሬዛ ብርና የጨው አሞሌ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር።

ሥራ፣ ዕውቀትና ዕዳ

ስማቸውን ያስጠራው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የተሰኘው መጽሐፋቸው ነው። በመጽሐፉ የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራን የሚያፈራው ደግሞ ዕውቀት መሆኑን ያስረዳሉ። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን ሥራ ከዕለት ጉርሱ በላይ ያመርታል፤ የተረፈውንም ለነገ ሥራ ያውለዋል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ይህን ትርፍ በእጁ ማቆየት አልቻለም። ደመወዝ የሌለው ወታደር የሚኖረው ገበሬው ባፈራው ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱም ቀደምቶች ያከማቹትን በየጊዜው ያወድማል። ገበሬው ተጨማሪ ቢያመርት የሚጠቀመው ሌላ ሰው ከሆነ፣ አብዝቶ የሚደክምበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለ ውጭ ንግድ ያቀረቡት ትንታኔም ከዚሁ ይነሣል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን ያመረተውን፣ ዕውቀት ያልገባው ሕዝብ በብዙ ቀን ድካም ባገኘው ይለውጣል። እንዲህ ያለው ልውውጥ በተደጋገመ ቁጥር ደካማው ወገን ጥገኛና ባለዕዳ እየሆነ ይሄዳል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኋላ እኩል ያልሆነ ልውውጥ ብለው በስፋት የተከራከሩበትን ጉዳይ ገብረ ሕይወት ቀድመው አንሥተውታል።

ንግዱን በቅርብ የማየት ዕድልም ነበራቸው። የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ከሆኑ በኋላ፣ በድሬዳዋ የንግድና የጉምሩክ ሹም ማለትም ነጋድራስ ሆነው ሠሩ። ቡናና ቆዳ በዚያ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ ደግሞ ይመጣል።

በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አረፉ። መጽሐፉን በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሳተሙት ጳውሎስ መናመኖ ናቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ለንደን ላይ ለኅትመት በቃ።

ብድሩ መጣ፤ ጥያቄውስ?

በገብረ ሕይወት ዘመን የነበረው የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ በዋናነት ከንግድና ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ነበር። በጣሊያን ወረራ እርሻቸው የተጎዳባቸውን አነስተኛ ባለይዞታዎች በብድር እንዲረዳ የታሰበ የእርሻ ባንክ የተቋቋመው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ለገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቀረበ። ምርት ጨመረ። እርሻው አትራፊ ሲሆን ግን ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ገብረ ሕይወት እንዳሳዩት፣ ትርፉ የማን እንደሚሆን ሳይወሰን የገበሬውን ምርት ማሳደግ ለሌላው ሀብት ማከማቸት ሆነ። መሬት ላራሹ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው። ገበሬዎችን በቡድን ዋስትና የሚያበድሩ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ሕጋዊ መሠረት ያገኙት ደግሞ በ1988 ዓ.ም. ነበር።

ከድንበሩ ማዶ በገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ተመሳሳይ ችግር ይታያል። ሸይል በሚባለው ነባር የሱዳን አሠራር ነጋዴው ከአዝመራ በፊት ገንዘብ ይሰጣል፤ ገበሬው ደግሞ ከገበያ ባነሰ ዋጋ በተተመነ እህል ይከፍላል። ዝናቡ ቢሰምርም ከትርፉ ብዙው አስቀድሞ የአበዳሪው ነው። በሱዳን የእርሻ ባንክ ቢኖርም፣ ለባንክ የሚያስይዘው ንብረት የሌለው ትንሽ ገበሬ ከሸይል ለመላቀቅ ይቸገራል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው የሱዳን ጦርነትም የባንክ አገልግሎትን አናግቶ፣ ገዳሪፍን የተፈናቃዮች መጠለያ አደረጋት።

ገብረ ሕይወት ለአነስተኛ ብድር ተቋማት መመሪያ አልጻፉም። ያስቀደሙት ሰላምን፣ ልኩ የታወቀ ግብርንና ዕውቀትን ነው፤ ገበሬው የዘራውን ማጨድ፣ ያጨደውንም በእጁ ማቆየት የሚችለው በእነዚህ ስለሆነ ነው። በሐምዳይት በኩል ተሰድዶ ነገ ወደ ማሳው የሚመለስ ገበሬ ለዘርና ለአረም ብድር ያስፈልገዋል። ብድሩን መክፈል የሚችለው ግን የሚቀጥለውን አዝመራ ሳይሸሽ የሰበሰበ እንደሆነ ነው።